ልጁን ማን ያዘው?

(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ በኮምፒዩተርና በቴሌኮሙኒኬሽን ሙያ የተሰማሩ የማኅበሩ ሴት አባላት በጋራ አዘጋጅተው ያቀረቡት ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «በቴክኖሎጂ ሙያ ላይ ያላችሁ ሴቶች ለታናናሽ እህቶቻችሁ ምክር የሚሆን ነገር አቅርቡ» ብሎ ሲጠይቀን በመጀመሪያ ደስ አለን። ቀጥሎ ግን ማን ትናገር በሚለው ላይ ሳንስማማ ሦስት ቅዳሜ አለፈ። እያንዳንዳችን «እኔ ምን ምሳሌ እሆናለሁ?» እያልን ወደ ሌላዋ እንጠቁም ነበር። ሥራዋን ያላቋረጠችው ልጆቼን በደንብ አላየኋቸውም ትላለች፤ ልጆቿን እቤት ሆና ያሳደገችው ደግሞ ሙያዬን ጣልኩ ትላለች። በመጨረሻ የአንዷን ታሪክ ትተን የሁላችንንም አንድ ላይ ጽፈን አመጣን። የምታነብላችሁ አንዷ ብትሆንም የምንናገረው ሁላችን ነን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በዚህ በምንኖርበት አገር በሚሠራበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድመን እንገልጻለን።

ከመካከላችን ቀደም ብለው ናይሮቢ የገቡት እንደሚያስታውሱት፣ በዚያን ጊዜ ኢንተርኔት ማለት ከተማ ወርዶ በደቂቃ ሒሳብ እየከፈሉ ኢሜይል ማየት ነበር። በ2007 ኤም-ፔሳ ተጀመረ። በ2009 የባሕር ውስጥ የፋይበር ገመዶች ሞምባሳ ደረሱ። በ2010 በንጎንግ መንገድ ላይ አይሀብ የተባለው የባለሙያዎች መሰባሰቢያ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ወጣት ሴቶችን ኮምፒዩተር የሚያስተምረው አኪራቺክስ ተመሠረተ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሥራው ደጃችን ድረስ መጣ ማለት ይቻላል። ዛሬ ከእኛ አንዷ የባንክ የመረጃ ቋት ትጠብቃለች፤ ሌላዋ ነጋዴዎች በስልክ ገንዘብ የሚቀበሉበትን ፕሮግራም ትጽፋለች፤ በእርዳታ ድርጅት ውስጥ መረጃ የምታጠናቅርም አለች፤ የምታስተምርም አለች።

ሙያው ከውጭ ሲታይ ለእናት የተመቸ ይመስላል። ተቀምጦ የሚሠራ ነው፤ ከቤትም ሆኖ ይሠራል ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። በባንክ ወይም በስልክ ገንዘብ ሲስተም ላይ ለውጥ የሚደረገው ሕዝቡ በተኛበት ሰዓት፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ነው። ተረኛ የሆነች ሴት ስልኳን ትራስጌዋ አድርጋ ትተኛለች። ስልኩ ሲጮህ ሕፃኑ ይነቃል፤ ከዚያ በኋላ በአንድ እጅ ሕፃን እያባበሉ በሌላ እጅ የቆመውን ሲስተም ማስነሳት ነው። ይህንን ያልነው ለማስፈራራት አይደለም። ምክር ስጡ ከተባልን ሥራውን እንዳለ መናገር ይገባናል ብለን ነው።

አሁን ወደ ርዕሳችን እንግባ። በአንድ የዘመን መለወጫ በዓላችን ላይ አንዷ እህታችን ሲስተም ተበላሽቶባት ሲጠግኑ ውለው፣ ላፕቶፕዋን እንደያዘች አምሽታ መጣች። ገና ከመቀመጧ አንዲት እናታችን በፍቅር «ልጁን ማን ያዘው?» ብለው ጠየቋት። «አባቱ» አለች። ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ ከጠረጴዛው ማዶ አንድ ድምፅ «ምስኪን!» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሷም አብራን ሳቀች። በማግስቱ ግን ደውላ «ምስኪን የተባለው እሱ ነው ወይስ ልጁ?» ብላ ጠየቀችን። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘንላትም።

እናቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም። ይህ ማኅበር ሴት ልጅ ስትመረቅ አጨብጭቦ፣ አበባ አስይዞ፣ ፎቶግራፍ አንስቶ ነው የሸኘን። እኛ የታዘብነው ነገር ቢኖር፣ የአንዲት ሴት ሙያ የሚሰበረው በትምህርት ቤት ወይም በቅጥር ጊዜ አለመሆኑን ነው። የሚሰበረው የመጀመሪያው ልጅ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ሁለተኛው ሦስት ዓመት እስኪሞላው ባለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ጭብጨባ የለም፤ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው።

አገር ቤት ቢሆን አራስ ቤት ሰው አይጠፋበትም። እናት አለች፣ አክስት አለች፣ ጎረቤት አለች። እዚህ ግን እናታችን ከአዲስ አበባ የምትመጣው ለወሊዱ ነው፤ ገንፎውን አገንፍታ፣ ልጁን አጥባ፣ ክርስትናውን አይታ ትመለሳለች። ክርስትናው ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ነው። የኬንያ የሥራ ሕግ ደግሞ ለወለደች ሠራተኛ ሦስት ወር ፈቃድ ይሰጣል። እንግዲህ ቁጠሩት። ሴት ልጅ የወለደች እንደሆነ አያትየዋ አውሮፕላን የምትሳፈርበትና እናትየዋ ወደ ቢሮ የምትመለስበት ጊዜ በአንድ ሳምንት ሊገጣጠም ምንም አይቀረው። ከእኛ ሦስቱ ሥራ ለመልቀቅ የወሰኑት በዚያች ሳምንት ውስጥ ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድክመት መስሏቸው ነበር፤ አንድ ላይ ተቀምጠን ቀኑን ስንቆጥር ነው የተገለጠልን።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን ስለዚያች ሳምንት ነው። ሆድ ሳይገፋ ከባለቤታችሁ ጋር ተቀመጡና ስለዚያች ሳምንት ተነጋገሩ። «እንረዳዳለን» የሚለው ቃል አይበቃም። ማን በስንት ሰዓት ከቤት ይወጣል፣ ልጁ ቢያተኩሰው ማን ከሥራ ይቀራል፣ የሌሊት ተረኛ በሆንሽበት ሳምንት ሕፃኑን ማን ያስተኛል፣ ይህ በወረቀት ይጻፍ። ከእኛ አንዷ ቤት ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፎ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ በየጊዜው ይቀየራል፣ ተጨቃጭቀውበትም ያውቃሉ፣ ግን አልተነሣም። በነገራችን ላይ «ባሌ ይረዳኛል» ማለትን ትተናል። ይረዳኛል ከተባለ ሥራው የእኔ ነው ማለት ነዋ!

ሕጉንም እወቁት። በ2007 የወጣው የኬንያ የሥራ ቅጥር ሕግ ለእናት ሦስት ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ለአባት ደግሞ ሁለት ሳምንት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። እናትየዋ ስትመለስ ወደ ነበረችበት ሥራ ወይም ከዚያ ባላነሰ ሁኔታ ወደሚመጥናት ሥራ የመመለስ መብት አላት። በ2017 የወጣው የጤና ሕግ አሠሪ የማጥቢያ ቦታ እንዲያዘጋጅና ለምታጠባ ሠራተኛ የማጥቢያ ጊዜ እንዲሰጥ ያዛል። በአገራችን በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሰጥ ለአባት የሰጠው ሦስት ቀን ነው። ወንድሞቻችን በዚህ ረገድ ኬንያ መኖራችሁ በጅቷችኋል፤ ሁለቱን ሳምንት ግን ከጓደኛ ጋር ቡና ለመጠጣት አታውሉት።

ይህ ሕግ የሚሠራው ለተቀጠረች ሴት መሆኑን አንርሳ። በመካከላችን ባሏን ተከትላ የመጣች፣ በጥገኝነት ፈቃድ የምትኖር ኢንጂነር አለች። በዚያ ፈቃድ የራሷን የሥራ ፈቃድ ሳታወጣ መቀጠር አትችልም። ባልየው የሥራ ውል ሲፈራረም የሚስቱን የሥራ ፈቃድ ጉዳይ ያነሣ እንደሆነ አንዳንድ ድርጅት ይተባበራል፤ ከፈረመ በኋላ ግን የሚሰማው የለም። እሷም የዲግሪዋን ወረቀት ከሻንጣ ሳታወጣ ሁለት ዓመት ተቀመጠች። ይህ የቤት ውስጥ ጉዳይ ይመስላል እንጂ ከፊርማው በፊት በሚደረግ የአንድ ምሽት ጭውውት የሚወሰን ነገር ነው።

አንድ ታሪክ ደግሞ እናንሣ። ስቴፈኒ ሸርሊ የተባለች ሴት በ1939 በአምስት ዓመቷ ከቪየና በባቡር ተጭና ወደ እንግሊዝ የገባች ስደተኛ ሕፃን ነበረች። በ1962 ልጅ ወልደው ቤት የቀሩ ሴት ፕሮግራመሮችን ከየቤታቸው የሚያሠራ ድርጅት በራሷ የምግብ ጠረጴዛ ላይ መሠረተች። በሴት ስም ለሚጻፉ ደብዳቤዎቿ መልስ ቢጠፋ በባሏ ምክር «ስቲቭ» እያለች መፈረም ጀመረች። ስልክ ስታነጋግርም የሕፃን ልቅሶ እንዳይሰማ በቴፕ የተቀዳ የታይፕ መኪና ድምፅ ታሰማ ነበር። የኮንኮርድ አውሮፕላን የበረራ መቅጃ ፕሮግራም ሳይቀር የተሠራው በእነዚያ ሴቶች ነው። ሸርሊ ያረፈችው በ2025 ነው። ሁሉ ነገር ተሳካላት ለማለት አይደለም፤ አንድ ልጇ ከባድ ኦቲዝም ነበረበትና የዕድሜ ልክ ሐዘኗ ነበር።

ታሪኩን ያነሣነው ስለ ቴፑ ነው። በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ እኛም ከየቤታችን በቪዲዮ ስብሰባ ገባን። አንዷ ከመታጠቢያ ቤት፣ አንዷ ከቆመ መኪና ውስጥ ሆና ነበር የምትናገረው። ከሸርሊ ቴፕ ከብዙ ዓመታት በኋላ እኛም ልጆቻችንን እንደብቅ ነበር። መደበቁ እንደሚያደክም ሁላችንም እንስማማለን። መናገሩ ይጠቅማል ወይ በሚለው ላይ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም። አንዷ ለአለቃዋ «ከ11 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ማታ አልገኝም፤ ከዚያ በኋላ እሠራለሁ» ብላ በግልጽ ተናገረችና ተከበረላት። ሌላዋ ይህንኑ ብላ ትልቁ ፕሮጀክት ለሌላ ሰው ተሰጠ። ስለዚህ «ተናገሩ» ብለን በደፈናው አንመክርም። መጀመሪያ በዚያ መሥሪያ ቤት ልጅ ወልዳ ያደገች ሴት አለች ወይ ብላችሁ ተመልከቱ። ካለች እሷን ጠይቁ፤ አንዲትም ከሌለች ያም ራሱ መልስ ነው።

ሥራ አቋርጣችሁ ለመመለስ ለምታስቡ ደግሞ ይህ ነው። በዚህ ሙያ ሦስት ዓመት እንደ ሠላሳ ዓመት ይቆጠራል እየተባለ ሴቶች ይፈራሉ። ከመካከላችን አንዷ በ2017 ለቅቃ በ2020 ስትመለስ፣ የምታውቀው ሁለተኛው የፓይተን ቅጂ በዚያው ዓመት መባቻ ድጋፉ ተቋርጦ አገኘችው፤ ሦስተኛውን ለመልመድ ጥቂት ሳምንታት በቃት። የመረጃ ቋት የምንጠይቅበት ኤስኪውኤል ደግሞ የ1970ዎቹ ሥራ ሲሆን ዛሬም ጠዋት ጠዋት የምንከፍተው እሱን ነው። የሚለዋወጠው ላይ ላዩ ነው። ያዳናት ግን ይህ ብቻ አልነበረም። በእነዚያ ሦስት ዓመታት በሳምንት አምስት ሰዓት፣ ሕፃኑ በተኛበት፣ የአንድ ትንሽ ሱቅ የዕቃ ሒሳብ ፕሮግራም ትሠራ ነበር። ክፍያው ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ቃለ መጠይቅ ላይ ግን «ባለፈው ወር ምን ሠራሽ?» ስትባል የምታሳየው ነበራት። የምስክር ወረቀት ከመሰብሰብ ይልቅ አንድ ሰው የሚጠቀምበት አንድ ሥራ ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው።

ያልተመለሰችም አለች። ከእኛ ሁሉ የተሻለች ፕሮግራመር ነበረች ብንል ማጋነን አይሆንም። እንድንጽፈው የፈቀደችልን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጆቼን በማሳደጌ አልጸጸትም። የሚቆጨኝ፣ ሁሉም ነገር ከተወሰነ በኋላ ነው ያወቅሁት።»

ስለ ሞግዚቶቻችንም ሳንናገር ብናልፍ ንግግራችን ውሸት ይሆናል። እኛ ቢሮ የምንውለው ልጆቿን ገጠር ለአያታቸው ትታ የመጣች ሌላ እናት ቤታችን ስላለች ነው። የእሷን ደመወዝ በሰዓቱ፣ የዕረፍት ቀኗን ሳንሸራርፍ፣ የጡረታና የጤና መዋጮዋን እንደ ሕጉ ካልከፈልን ስለ ሴቶች መብት መድረክ ላይ ባንወጣ ይሻላል። ይህንን ስንጽፍ ከእኛም መካከል የደነገጠች ነበረች።

በመጨረሻም ማኅበሩን አንድ ነገር ለምነን ተፈቅዶልናል። ቅዳሜ ከ3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት የማኅበሩ ትንሹ አዳራሽ ለልጆች ይከፈታል። ልጆቹ አማርኛ ፊደል ይቆጥራሉ፤ እናቶቻቸው ያጠናሉ፣ ይሠራሉ፣ ወይም ይተኛሉ፤ የሚጠይቃቸው የለም። በየሳምንቱ ልጆቹን የሚጠብቁ አራት ሰዎች ያስፈልጋሉ። የመመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ፣ ከቡናው ጠረጴዛ ላይ ነው። እስከ አሁን የተመዘገቡት ስሞች ሁሉ የሴት ናቸው፤ እስክሪብቶው ግን እዚያው አለ።