መቃብሩን አስቀድሞ የነገረን መጽሐፍ



እንደ እናንተ በደልጊ ወደብ ዳር ላደገ ሰው መጠበቅን ማንም አያስተምረውም። ጀልባው ከሩቅ እንደ ነጥብ ብቅ ሲል፣ ዘመድ የሚጠብቅ ሰው ከዚያች ነጥብ ላይ ዓይኑን አይነቅልም። ጀልባው እንደሚደርስ ያውቃል። የሚጠብቀው ሰው ተሳፍሮ ይሆን? ልቡን የሚሰቅለው ይህ ነው። ስለዚህ የሥነ ጽሑፍ መምህራን «ልብ ሰቀላ» የሚሉትን ነገር ለእናንተ በሌላ ምሳሌ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የዛሬው ርእሴ ልብ በሚሰብር የወጣቶች ፍቅር ልቦለድ ውስጥ ይህ ልብ ሰቀላ እንዴት እንደሚገነባ ነው። ምሳሌዬን ለመፈለግ ሩቅ አልሄድም። ከጣና ማዶ፣ ጎጃም ውስጥ ማንኩሳና ዲማን መነሻው ያደረገው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አለልኝ። የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው።

እስቲ ርእሱን ልብ በሉት። ደራሲው ገና ሽፋኑ ላይ መቃብር እንዳለ ነግሮናል። ሼክስፒርም «ሮሚዮና ዡልየት»ን የከፈተው የሁለቱን ሞት በመግቢያው አስታውቆ ነው። ጀማሪ ጸሐፊ መጨረሻውን በደበቀ ቁጥር የአንባቢውን ልብ የሰቀለ ይመስለዋል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ተደብቆ የቆየ ነገር ሲገለጥ ያስደነግጣል፤ ድንጋጤውም በአንድ ገጽ ያልቃል። አስቀድሞ የታወቀ ሞት ግን ደስታውን ሁሉ ስጋት ያለብሰዋል። መምህሩ በዛብህና ተማሪዋ ሰብለ ወንጌል በትምህርት ሰበብ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የምንሳሳላቸው መቃብሩን ስለምናውቅ ነው።

ቀጥሎ ስለቱ አለ። በዛብህን ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውታል። ስለት ምን ያህል እንደሚከብድ በጣና ዳር ለተወለደ ሰው አልነግርም። ልጁ ፍቅሩን ሊናገር ሲያስብ ከውስጥ የሚይዘው ይህ ነው፤ ከውጭ ደግሞ የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት እንደ ግንብ ቆሟል። ፊታውራሪው ለልጃቸው የሚመጥን ዘር አጥተው ጠያቂዎችን ሲመልሱ፣ የሰብለ ወንጌል የማግቢያ ዕድሜ ያልፋል። ማንም ሳይሮጥ፣ ማንም ጎራዴ ሳይመዝ፣ የዕድሜዋ መንጎድ ብቻውን አንባቢን ያስጨንቃል። መጽሐፉ ወግና ሥርዓት ይበዛበታል፣ ይንዛዛል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ በበኩሌ ያን ዝግታ አልነካውም። ከሰዎቹ ጋር አብረን ካልኖርን፣ ቤታቸውን፣ ግብራቸውን፣ ጸሎታቸውን ካላየን፣ ለማን ብለን እንሰጋለን?

ትልቁ ብልሃት የገባኝ ግን መጽሐፉን ለሦስተኛ ጊዜ ሳነብ ነው። ለብዙ ምዕራፎች ዓይናችን የፊታውራሪውን በር ይጠብቃል፤ ሞት ከመጣ በዚያ በኩል ይመጣል ብለን። በዛብህ አምልጦ አዲስ አበባ ሲገባ ትንፋሽ እናገኛለን። ሰብለ ወንጌልም መነኩሴ መስላ እሱን ፍለጋ ትወጣለች፤ ሊገናኙ ነው ብለን ገጹን ቶሎ ቶሎ እንገልጣለን። በዛብህን ግን መንገድ ላይ ወንበዴዎች ያቆስሉታል፤ እሷም የምትደርሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል ነው። መጨረሻው ያው የተነገረን መቃብር ነው፤ የመጣበትን መንገድ ግን አልጠበቅነውም። አሜሪካዊው ጆን ግሪን በካንሰር ስለታመሙ ሁለት ወጣቶች በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልቦለድም ተመሳሳይ ብልሃት አለ፤ አንባቢ ለልጅቷ ለሄዘል ሲሰጋ ቆይቶ ሞት የሚወስደው ፍቅረኛዋን ኦገስተስን ነው። ሐዲስ ይህን መንገድ ከአርባ ዓመት በላይ ቀድመው ሄደውበታል።

ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ልብ ሰቀላው እጥፍ ሆነ። አንባቢ ካላስቻለው ገጽ መዝለል ይችላል፤ አድማጭ ግን እስከሚቀጥለው ክፍል ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ የለውም። መጽሐፉን አንብቦ የጨረሰ ሰው እንኳ ከሬዲዮው ሥር ይቀመጥ ነበር። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው እንደገና የሚጠብቀው ምኑን ነው? እኔ የምሰጠው መልስ፣ ምናልባት ዛሬ በዛብህ ይተርፍ ይሆናል የሚል ከንቱ ተስፋ ነው፤ ያንን ተስፋ በአንባቢው ውስጥ ማኖር የቻለ ደራሲ ሥራውን ጨርሷል።

እናንተ በደብተራችሁ ጀርባ የፍቅር ታሪክ የምትጽፉ ተማሪዎች፣ ይህን የምለው በተለይ ለእናንተ ነው። የደልጊን ወደብ፣ በደንገል ታንኳ የሚሻገረውን ጎረምሳ፣ ዳር ቆማ የምትጠብቀውን ልጅ ከእናንተ በላይ የሚያውቃቸው የለም። መጨረሻውን ለመደበቅ አትድከሙ። ልጅቱን አስቀድማችሁ አስወድዱን፤ ከዚያ ጀልባውን ከሩቅ አሳዩን። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ዛሬ ማታ ጀምሩና ለመምህራችሁ አሳዩ፤ መምህራንም አደራ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡላቸው።