ያለ አቻ ጋብቻ
(ስለ አሮጌ መኪና ሞተርና ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ በራዲዮ የተነገረ)



የዛሬው ንግግራችን ስለ አሮጌ መኪና ነው። ከመካከላችን ከአባቱ የወረሰውን ወይም ከደመወዙ ቆጥቦ የገዛውን የድሮ ላንድክሩዘር እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ ሰው ጥቂት አይደለም። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌውን አድሶ መያዝ የብዙ ሰው አሳብ ሆኗል። ሞተሩ ሲደክም ሌላ ሞተር ይገጠምለታል። በዚያው አጋጣሚ ባለቤቱ «እንግዲህ ካምቢዮውም አውቶማቲክ ይሁንና ግራ እግሬን ከፍሪሲዮን ልገላግለው» ይላል። አሳቡ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ሞተርና ካምቢዮ እንደ ባልና ሚስት ናቸው። ያለ አቻ የተጋቡ እንደ ሆነ ትዳራቸው የሚፈርሰው በሠርጉ ዕለት በከተማ ውስጥ ሳይሆን፥ ከቤት ርቀው ዳገት ላይ ሳሉ ነው።

ይህን ለማስረዳት የጋይንትን መንገድ ምሳሌ አድርጌ እወስዳለሁ። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ከምትለው ከወረታ ተነሥቶ፥ ደብረ ታቦርን አልፎ፥ የጉናን ተራራ ታክኮ ነፋስ መውጫ የሚደርስ መንገደኛ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ወደ አርብ ገበያ፥ ወደ ስማዳ ወገዳ፥ ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ የሚሄድም ሰው ሽቅብና ቁልቁል አይቀርለትም።

ሸክምንና ዳገትን ማመዛዘን ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን፥ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ ሲያስጎትቱ፥ ፊት ፊቱን መንገድ እያስጠረጉ መቅደላ ለመድረስ ከአምስት ወር በላይ ፈጅቶባቸዋል። ሽቅብ መጎተቱ ብቻ ሳይሆን ቁልቁል መያዙም ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም።

ወደ ነገራችን እንመለስ። አንድ ባልደረባዬ የአሮጌ መኪናውን የቤንዚን ሞተር አስወጥቶ ናፍጣ ሞተር አስገጠመ። ካምቢዮውን ግን ዋጋው ረከሰልኝ ብሎ ከሌላ የቤንዚን መኪና የወጣ አውቶማቲክ ገዛ። አዲስ አበባ ላይ አንድ ወር ደስ ብሎት ነዳ። በኋላ ለአባቱ ተዝካር እናቱንና ልጆቹን ጭኖ ወደ እስቴ ሲጓዝ፥ የደብረ ታቦርን ዳገት ሳያጋምስ የተቃጠለ ዘይት ሸተተው፤ ማርሹም አልይዝ አለ። በገመድ አስጎትቶ ወረታ ሲያደርሰው የቀረውም ተበላሸ። ተዝካሩም አመለጠው፤ የአንድ ዓመት ቁጠባውም ጠፋ።

ጥፋቱ ምን ነበር? አንደኛው የሙቀት ጉዳይ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ በእግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለውም። በእሱ ፋንታ በዘይት የተሞላ፥ ድስት የመሰለ መሣሪያ አለው። ሞተሩ ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱም ካምቢዮውን ያዞራል። ዘይቱ ሲንሸራተት የባከነው ኃይል ሁሉ ሙቀት ይሆናል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ ከመቶ አሥር ያህሉን ያጣል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ 100 ፈረስ ጉልበት የነበረው ነፋስ መውጫ ላይ 70 ያህል ብቻ ይቀረዋል። ደካማ ሞተር ዳገት ላይ ዘይቱን ለረጅም ጊዜ ያንሸራትታል። ዘይቱ ከ120 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ለካምቢዮው ብቻ የሚሆን የዘይት ማቀዝቀዣና የሙቀት መለኪያ ማስገጠም ቅንጦት አይደለም።

ሁለተኛው የመጣጣም ጉዳይ ነው። የናፍጣ ሞተር በአብዛኛው በደቂቃ ከ4,000 ዙር ብዙም አያልፍም፤ የቤንዚኑ ግን 5,000ና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ለቤንዚን የተሠራ ካምቢዮ ማርሽ ለመለወጥ 4,500 ዙርን የሚጠብቅ ቢሆን፥ ናፍጣው ከዚያ አይደርስምና ሞተሩ እየጮኸ ማርሹ ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ፋብሪካው ራሱ ለዚያ ሞተር ያጣመረውን ካምቢዮ መፈለግ ይሻላል። በ60 ተከታታይ ላንድክሩዘር ላይ ይገጠም የነበረው ኤ 440 ኤፍ የተባለው ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ የሚታዘዘው በኮምፒውተር ሳይሆን በዘይት ግፊትና ከነዳጅ መስጫው ጋር በተያያዘ ሽቦ ነው። እንዲህ ያለው ለአሮጌ መኪና ይስማማል። ነገር ግን ሽቦው በትክክል ካልተወጠረ ማርሹ እየተንሸራተተ ራሱን ያቃጥላል።

ሦስተኛው፥ ከሁሉም የሚበልጠው፥ የቁልቁለት ጉዳይ ነው። ቁልቁለት ላይ መኪናውን መያዝ ያለበት ፍሬን ብቻ አይደለም፤ ሞተሩም በዝቅተኛ ማርሽ ይይዘዋል። የምትገዙት ካምቢዮ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ላይ ታግዶ የሚቆይ መሆኑን አስቀድማችሁ ፈትኑ። ይህን የማያደርግ ከሆነ ፍሬኑ ግሎ አልይዝ ሲል የሚጠፋው ገንዘብ ሳይሆን ነፍስ ነው።

በመጨረሻም፥ አብዛኛው አውቶማቲክ መኪና ባትሪው ሲሞት ተገፍቶ አይነሣም። የካምቢዮውን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ነውና፥ ጎማው መሬት ላይ እየዞረም ሩቅ መጎተት የለበትም። ባልደረባዬን የጎዳው አንዱ ይህን አለማወቁ ነው።

እንግዲህ ምክሬ አጭር ነው። ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት መንገዳችሁን ጠይቁ። ውሎአችሁ በከተማ ከሆነና ለሞተሩ አቻ የሆነ ካምቢዮ ከነማቀዝቀዣው ካገኛችሁ፥ አውቶማቲክ ያሳርፋችኋል። ውሎአችሁ ስማዳና ጋይንት ከሆነ ግን፥ በአቅራቢያችሁ ፈትቶ የሚገጥመው መካኒክ መኖሩን ሳታረጋግጡ የቆየውን ፍሪሲዮን አትጣሉ። ግራ እግር ቢደክም ያድራል፤ ዳገት ላይ የቀረ ቤተሰብ ግን ብርድ ላይ ያድራል።