በብርድ አገር ሙቀት ስለ ማስወጣት



ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በምትገኘው በደብረ ብርሃን የሚሠራ መሐንዲስ ስለ ሙቀት ማስወጣት ለመናገር መቆሙ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን እኔም አብሬ እስቅ ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሜዳውን በሚያለብስበት አገር ተቀምጦ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ይግላል ብሎ መጨነቅ ትርፍ ሥጋት ይመስለኝ ነበርና። ይህን አሳቤን ያስለወጠኝ በገዛ እጄ የሠራሁት ስሕተት ነው።

ለአንድ የቆላ ጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ ኃይል የሚሰጥ መቆጣጠሪያ ለጥገና መጣልኝ። የተቃጠለውን ትራንዚስተር ለወጥሁ። በላዩ የሚቀመጠው የአሉሚኒየም ሙቀት በታኝ፣ በየጥገና ቤቱ ‹ሂት ሲንክ› የምንለው፣ የብሎን ቀዳዳ ስላልነበረው ሁለቱ ክፍሎች ተደባልቀው በሚጠነክሩት ሙቀት አስተላላፊ ሙጫ አጣበቅሁት። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ማታ ቀብቼ ጧት ዕቃውን መለስሁ። ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ መጣ፤ ሙቀት በታኙ ከሣጥኑ ግርጌ ወድቋል፣ አዲሱም ትራንዚስተር ተቃጥሏል። በማቀዝቀዣው ውስጥ የነበረው ክትባት መጣሉን የሰማሁት ዕቃውን ካመጣው ሾፌር ነው። ማንም አልወቀሰኝም፤ ይህም ነገሩን አቀለለልኝ አልልም።

ጉዳዩን ከመሠረቱ እንመልከተው። ሁለት ገጾች ለዓይን የቱንም ያህል ልሙጥ ቢመስሉ ሲጋጠሙ የሚነካኩት በጥቂት ጉብታዎች ብቻ ነው፤ የቀረውን ቦታ አየር ይሞላዋል። አየር ሙቀትን እንዴት እንደሚያግድ ለደብረ ብርሃን ሰው ማስረዳት አያሻም። በ1950ዎቹ ዓመታት የተቋቋመው የብርድ ልብስ ፋብሪካ የከተማችንን ስም በየቤቱ ያስገባው በዚሁ አየር ነው። ብርድ ልብስ የሚያሞቀን ከሱፉ ይልቅ በሱፉ ጭገር መካከል ታስሮ በቀረው አየር ነውና። በትራንዚስተሩና በሙቀት በታኙ መካከል አየር የተወ ባለሙያ ዕቃውን ብርድ ልብስ አለበሰው ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። የመገናኛው ስፋት 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ክፍተቱ 0.1 ሚሊ ሜትር፣ የሚያልፈው ሙቀት 5 ዋት ይሁን። ክፍተቱን አየር ብቻ ቢሞላው በሁለቱ ገጾች መካከል የሚያስፈልገው የሙቀት ልዩነት 200 ዲግሪ ይሆናል፤ ትራንዚስተሩ ከዚያ ሳይደርስ ይቃጠላል። ተራ ኤፖክሲ ቢሞላው ወደ 25 ዲግሪ፣ መካከለኛ ጥራት ያለው ሙቀት አስተላላፊ ሙጫ ቢሞላው ደግሞ ወደ 5 ዲግሪ ይወርዳል። ነገር ግን ይኸው ጥሩ ሙጫ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው ልዩነቱ ተመልሶ 25 ዲግሪ ይሆናል። ስለዚህ ወፍራም ሆኖ የተቀባ ውድ ሙጫ፣ ስስ ሆኖ ከተቀባ ርካሽ ሙጫ አይሻልም። ‹ሲበዛ ይበልጥ ያስተላልፋል› የሚሉ ወጣት ጠጋኞች አጋጥመውኛል። አሉሚኒየም ከእንዲህ ያለው ሙጫ ከ100 ጊዜ በላይ የተሻለ አስተላላፊ መሆኑን ስነግራቸው ቱቦውን ቆጠብ አድርገው ይጫኑታል።

እኔ የተሳሳትሁት ግን በውፍረቱ አልነበረም። ሙጫው ሳይጠነክር ነው ዕቃውን የሰጠሁት። ኤፖክሲን የሚያጠነክረው የኬሚካል ውሕደት ስለሆነ፣ በግምት በየ10 ዲግሪው ቅዝቃዜ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ አንድ ቀን የሚበቃው ሙጫ በ5 ዲግሪ አራት ቀን ያህል ይፈልጋል፤ ጭራሽ የማይጠነክርም አለ። ያታለለኝ ደግሞ በማደባለቂያው ቁራጭ ላይ የተረፈው ሙጫ ነው፤ ጧት ጠንክሮ አገኘሁት። ክምር ሙጫ በራሱ ውሕደት ይሞቃልና ቶሎ ይጠነክራል፤ በቀዝቃዛ አሉሚኒየም ላይ የተነጠፈው ስስ ሙጫ ግን ሙቀቱን ሁሉ ለብረቱ አስረክቦ ይለግማል።

‹እንግዲያስ ሲሊኮን እንጠቀም› የሚል ይኖራል። ከአንድ ቱቦ የሚወጣው ሲሊኮን የሚጠነክረው ከአየር እርጥበት እየወሰደ ከዳር ወደ መሐል ነው። በእኛ ዘንድ ከጥቅምት እስከ ጥር አየሩ ደረቅ ስለሆነ፣ ከሰፊ ሙቀት በታኝ በታች መሐሉ ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ሲሊኮን የሚመረጥበት ምክንያት ሌላ ነው። አሉሚኒየም ሲግል ከሴራሚክ ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ፣ በሰፊ ገጽ ላይ ደረቁ ኤፖክሲ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ሲሊኮን ግን አብሮ ይሳባል። የብሎን ቀዳዳ ካለ ግን ብሎንና ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ከሁለቱም ይበልጣሉ፤ ነገ የሚጠግነውም ሰው ያመሰግናችኋል።

ስለ ከፍታውም አንድ ነገር ልጨምር። አየራችን ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ነው፤ ጥግግቱ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል ያንሳል። ያለ ማራገቢያ የሚሠራ ሙቀት በታኝ በእኩል የአየር ሙቀት እንኳ ለአየር የሚያስረክበው ሙቀት በ15 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ በማራገቢያ ሲሆን ጉድለቱ ይብሳል። የአምራቾች ሠንጠረዥ ብዙውን ጊዜ የተሰላው ለባሕር ጠለል ስለሆነ እኔ አንድ ደረጃ ተለቅ ያለውን እመርጣለሁ።

ያንን መቆጣጠሪያ ሁለተኛ ስጠግነው ገጾቹን በአልኮል ጠርጌ፣ ሙጫውን በስሱ ቀብቼ፣ ቀላል ክብደት ጭኜበት፣ 60 ዋት አምፖል ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ በ40 ዲግሪ ገደማ አሳደርሁት። ለሲሊኮን ሲሆን ከአምፖሉ ራቅ አድርጌ አንድ ስኒ ውኃ እጨምራለሁ። ከጤና ጣቢያው በየቀኑ ስልክ ይደወልልኝ ነበር፤ ሦስት ቀን ‹ገና ነው› አልሁ። ሣጥኑን ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ ከአዳራሹ በር አጠገብ ስለተቀመጠ ሠርታችሁ መሞከር የምትፈልጉ ልኩን ልትወስዱ ትችላላችሁ።