የጦር አይሮፕላን ነጂ ለመሆን ስለሚመኝ ልጅ

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተደረገ ንግግር



በጎንደር ከተማ፥ በዳባት፥ በደባርቅና በጃናሞራ ደጋ ከሚማሩት ልጆች መካከል አንዱ ወደ ሰማይ አንጋጦ «የጦር አይሮፕላን ነጂ እሆናለሁ» ቢል ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። አባት ይህን ሲሰማ ወይ ይስቃል ወይ ይቈጣል፤ እናት ትሠጋለች፤ መምህሩም ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ቃል ያጥረዋል። ልጅ ግን ዕድሜውን የሚሰጥበትን ሥራ ሲመርጥ ከሣቅና ከቊጣ የተሻለ ምክር ይገባዋል። ስለዚህ ነገሩን በሦስት ከፍለን እንመልከት፤ መጀመሪያ ስለ ሥራው አመጣጥ፥ ሁለተኛ ስለሚጠይቀው ትምህርት፥ ሦስተኛ ስለ ኅሊና።

አይሮፕላን ወደ አገራችን መጀመሪያ የገባው በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. ሲሆን ነጂው ፈረንሳዊ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ጥቂት እንዳለፈ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ያለ አስተማሪ ብቻቸውን ለመብረር በቁ። ከሴቶችም ሙሉ እመቤት እምሩ ከጠላት ወረራ በፊት ተምረዋልና፥ ይህ ምኞት የወንድ ልጅ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር ታሪክ አይመሰክርለትም። በ1928 ዓ.ም. የጣልያን አይሮፕላኖች መርዝ ሲረጩ፥ በደሴም ቀይ መስቀል ያለበትን ሆስፒታል ሲደበድቡ፥ እኛ የሚመክት የአየር ጦር አልነበረንም። ከነፃነት በኋላ በ1938 ዓ.ም. ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን አየር ኃይላችንን ለማሠልጠን መጡ፤ ሠፈሩም በቢሾፍቱ ሆነ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማልያ ጦር ድንበር አልፎ በገባ ጊዜ ኢትዮጵያውያን ነጂዎች የሰማዩን በር ዘጉበት። ከነርሱም አንዱ ለገሠ ተፈራ አይሮፕላናቸው ተመትቶ ተማርከው 11 ዓመት ከታሰሩ በኋላ በ1980 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። ክብራቸውን የሚመኝ ልጅ ይህንንም 11 ዓመት አብሮ ይቊጠረው።

ወደ ትምህርቱ እንምጣ። አይሮፕላንን የሚሸከመው አየር ነው፤ አየር ደግሞ ከፍ ባሉ መጠን ይሳሳል፥ ሙቀትም ያሳሳዋል። ጎንደር ከ2000 ሜትር በላይ ናትና፥ በአዘዞ ሜዳ የሚነሣ አይሮፕላን በባሕር ዳርቻ ከሚነሣው ይልቅ ረዥም መንደርደሪያ ይሻል፤ የሚያነሣውም ጭነት ይቀንሳል። ይህን አስልቶ የማያውቅ ነጂ ከሜዳው ጫፍ ሳይነሣ ይቀራል። ራስ ዳሸን ከ4500 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያም አልፎ እጅግ ከፍ ብሎ የሚበር ሰው ተጨማሪ ኦክሲጅን ካላገኘ አእምሮው ይደክማል፤ ክፉው ነገር መድከሙን ራሱ አለማወቁ ነው። ደመና ውስጥ ሲገባም ሰውነቱ ያታልለዋል፤ አይሮፕላኑ ወደ ጎን አዘንብሎ ሳለ ቀጥ ያለ ይመስለዋል። በዚያ ሰዓት የሚያድነው ከፊቱ ያለውን መለኪያ አምኖ የገዛ ስሜቱን መካድ ነው። አባቶች «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ያሉት ለዚህም ይስማማል።

ደግሞም ቅዳሴውን በቃሉ የሚያውቅ ካህን መጽሐፉን ዘርግቶ እንዲያነብ፥ ነጂም ሺህ ጊዜ የሠራውን ሥራ ከመነሣቱ በፊት ከጽሑፍ እያነበበ አንድ በአንድ ይመረምራል። በበአታ አቋቋም ለመማር ስንት ዓመት መቀመጥ እንደሚያስፈልግ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ይህም ሥራ እንደዚያው ትዕግሥትን የሚሻ ነው። ድፍረት ብቻ ያለው ልጅ አይሆንለትም።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ ይከብዳል። በጎራዴ የተዋጉ አባቶቻችን የጠላታቸውን ፊት ያዩ ነበር፤ ቦምብ የሚጥል ግን የሚሞተውን ሰው ፊት አያይም። በሰኔ ወር 1980 ዓ.ም. በትግራይ በሐውዜን፥ ለገበያ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ቦምብ የጣሉት የገዛ አገራችን አይሮፕላኖች ነበሩ፤ ሻጭና ገዢ፥ እናትና ሕፃን አለቁ። ፎን ሮዘን ግን በ1966 ዓ.ም. በረኃብ ጊዜ ከሰማይ እህል ጣሉ፤ በሐምሌ ወር 1969 ዓ.ም. ለተራቡት ሲያገለግሉ በጎዴ ተገደሉ። እህልም ቦምብም የሚወርደው ከአንድ ሰማይ ነው። ወታደር መታዘዝ ይገባዋል፤ ነገር ግን ሰላማዊ ሰውን ሆን ብሎ መምታት በዓለም የጦር ሕግ የተከለከለ ነውና፥ ልጁ መሐላ ከመግባቱ በፊት «የማይገባ ትእዛዝ ቢመጣብኝ ምን እመልሳለሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መብረርን በቢሾፍቱ ይማራል፤ ይህን ጥያቄ ግን ከእናንተ እግር ሥር ሊማረው ይገባል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ልጅ ቢመጣ ምኞቱን አትናቁበት። በሒሳብ፥ በፊዚክስና በእንግሊዝኛ ቋንቋ አበርቱት፤ ዓይኑንና ጆሮውን ሐኪም ይይለት። ብዙዎች ተመኝተው ጥቂቶች ይመረጣሉና፥ ሌላውን በር ደግሞ አሳዩት፤ በ1938 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ መንገደኛ የሚያደርስ ነጂና ሞተር የሚጠግን መካኒክ ይሻል፤ የአየሩን ጠባይ የሚመረምር ባለሙያም ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ሰምቶ፥ እስሩንና ሞቱን ቈጥሮ፥ ስለ ኅሊናውም አስቦ ከምኞቱ ካልተመለሰ ግን መርቃችሁ ስደዱት።

እግዚአብሔር ለልጆቻችን ከክንፍ አስቀድሞ ማስተዋልን ይስጥልን።