አሮጌ ዜማ በአዲስ ልብስ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተነገረ)



ቀፊራ ገበያ የገባ ሰው ጆሮው ሥራ አይፈታም። ከአንዱ ሱቅ ኦሮምኛ፣ ከሌላው ሶማልኛ፣ ከወዲያ ደግሞ የህንድ ፊልም ዘፈን ይሰማል። ከዚህ ውስጥ አዲስ ልብስ የለበሰ አሮጌ ዜማ አይታጣም። ወላጆቻችን «ይህንስ ከልጅነታችን እናውቀዋለን» ሲሉ እኛ የዛሬ ይመስለናል። «የማን ነው?» ብንባል ግን መልስ የለንም።

መነሻችን ያው የህንዱ ዘፈን ይሁን። «ካላ ቻሽማ» የተባለው የፑንጃብኛ ዘፈን እ.ኤ.አ. በ2016 ለሂንዲ ፊልም ታድሶ በብዙ አገር ተጨፈረበት። ቀድሞ የዘፈነው አማር አርሺ ነው። ግጥሙን የጻፈው አምሪክ ሲንግ ሼራ ሲሆን፣ እንደ ተናገረው ያን ጊዜ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ዘፈኑ ሲታደስ 11,000 ሩፒ ብቻ እንደ ተከፈለው፣ ለፊልም መሆኑንም እንዳልነገሩት ለጋዜጠኞች ገልጿል። እኩያችን በጻፈው ግጥም ብዙ ሕዝብ ሲጨፍር ስሙን ያወቀው ጥቂት ነው።

ወደ ከተማችን እንመለስ። ድሬዳዋ የተወለደው ዓሊ መሐመድ ሙሳ ገና ልጅ ሳለ፣ በአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ስለ «ቢራ»፣ ማለት ክረምት ሲወጣ ስለሚመጣው ብሩህ ወራት ዘፈነ። ከዚያ ወዲህ ዓሊ ቢራ ተባለ። በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛና በዐረብኛ አዚሞ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ዐረፈ። ዜማዎቹን ወጣቶች ዛሬም ይጫወቷቸዋል።

እኛ ማደስን አንነቅፍም። ያልታደሰ ቤት ይፈርሳል፤ ያልተዘፈነ ዜማም ይረሳል። ነገር ግን የሰው ቤት የሚያድስ ባለቤቱን ያስፈቅዳል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410ም ሥራን ለውጦ ለማቅረብ የደራሲው ፈቃድ እንዲጠየቅ፣ ስሙም እንዲጠቀስ ደንግጓል። የጥቅም መብቱ በዕድሜው ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጸናል።

እኛም ከጥፋቱ ነጻ አይደለንም። በክፍላችን ድግስ የቆየ ዘፈን ስንጫወት የባለቤቱን ስም ጠርተን አናውቅም። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ መድረክ አስቀድመን ስም እንጥራ፤ የማናውቀውን ከወላጆቻችን እንጠይቅ። ዘፈን ለዓሊ ስም ሰጥቶታል፤ እኛም ለዘፈኑ ባለቤት ስሙን መመለስ አያቅተን።