ካብ፣ ኖራና ጥላ፦ በተዳፋት ላይ የድንጋይ ቤት ስንነድፍ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ቤት ነው። ያቭነ ሜዳ ናት። ከፍ ያለ ነገር ቢኖር ቴል ያቭነ ነው፤ እሱንም ተራራ ብንለው ሰሜን ተራራን ያየ ሰው ይስቅብናል። ታዲያ በሜዳ ተቀምጠን ስለ ተዳፋት ቤት ምን ያስወራናል? ከመካከላችን ሥነ ሕንፃ የሚማሩ፣ ከካብላን ጋር የሚሠሩ፣ ኤሌክትሪክ የሚዘረጉ አሉ። ይህን ክረምት ማታ ማታ እየተሰበሰብን፣ ገሊላ ውስጥ በሐሳብ በመረጥነው ተዳፋት ላይ አንድ የድንጋይ ቤት በወረቀት ነደፍን። ሽማግሌዎችም አብረውን ተቀምጠው ነበር፤ ቡናም አልጠፋም።

ድንጋይን የመረጥነው ለውበት ብቻ አይደለም። «ወላጆቻችን ከጎጆ ነው የመጡት፣ ስለ ግንባታ ምን ያውቃሉ?» የሚል ወጣት ብዙ እንሰማለን። እስቲ ጎንደርን እንይ። አፄ ፋሲል እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1636 ገደማ ጎንደርን መቀመጫቸው አደረጉ። በከተማዋ ግንባታ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች እንደሠሩ፣ አንዳንዶቹም ለሙያቸው መሬትና ማዕረግ እንዳገኙ ጄምስ ኪሪንን የመሰሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ይሁን እንጂ ያ እጅ በአብዛኛው ርስት አልነበረውም። ሙያውም ክብር በማምጣት ፈንታ «ቡዳ» አሰኝቶታል። ዛሬ አንድ አባት «እኔ እንኳ ምንም አላውቅም፣ ተራ ሥራ ነበር» ቢሏችሁ ቃሉን እንዳለ አትውሰዱት። ሙያቸውን ዝቅ አድርገው ማውራትን ያስተማራቸው ያ ዘመን ነው።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም በድንጋይ ቤት አልኖረም። በጎንደር ዙሪያ ብዙው ሰው የኖረው በእንጨትና በጭቃ በተሠራ፣ ሣር በለበሰ ጎጆ ነው። በትግራይ ግን ሕድሞ አለ፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው በወፍራም እንጨት ላይ የተደመደመ አፈር። በላሊበላ ደግሞ ክብ ሆነው ፎቅ ያላቸው የድንጋይ ቤቶች አሉ። ተዳፋቱን በእርከን የከፈለው ገበሬም ያለ ሲሚንቶ ካብ መካብ የሚያውቅ መሐንዲስ ነው፤ ዲፕሎማ ስለሌለው ነው እንጂ።

ይሁንና የአገር ቤቱን ቤት እንዳለ አንሥተን እዚህ እንትከለው አንልም። እዚህ ላይ ከሽማግሌዎቹም ጋር ተከራክረናል። ጎንደር ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ በሰኔ የቀትር ፀሐይ ከአናት አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። እዚህ አገር ግን የቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት። በያቭነ አካባቢ በክረምት መካከል ቀትር ላይ ከአድማስ 35 ዲግሪ ያህል ብቻ ትወጣለች፤ በበጋ መካከል ግን ወደ 81 ዲግሪ ትደርሳለች። በገሊላም ልዩነቱ ጥቂት ነው። ስለዚህ ትልልቁን መስኮት ወደ ደቡብ አድርገን ከላዩ ታዛ አወጣን። የበጋው ፀሐይ በታዛው ይጋረዳል፣ የክረምቱ ዝቅ ብሎ እስከ ወለሉ ይገባል። በምዕራብ በኩል ታዛ ስለማይረዳ መስኮቱን አሳነስን።

ሌላው ክርክር ዝናቡ ነው። አገር ቤት ዝናቡ የሚመጣው በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። እዚህ ደግሞ ዝናብና ብርድ አንድ ላይ ይመጣሉ። የራሰ ድንጋይ ብርዱን ወደ ቤት ያስገባል፣ ግድግዳው ያልበዋል፣ ሻጋታ ይከተላል። «ድንጋይ በጋ ይቀዘቅዛል፣ ክረምት ይሞቃል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ድንጋይ ሙቀትን ያከማቻል እንጂ አያግድም። ሒሳቡን ሠርተን ስናየው ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው የኖራ ድንጋይ ግድግዳ ሙቀት በማገድ በኩል ከ1 ሳንቲሜትር ፎም ብዙም አይበልጥም። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲሰሙ ሳቁብን፤ እኛም ደጋግመን አሰላነው፤ ያው ነው። ስለዚህ በእኛ ንድፍ ድንጋዩ በውጭና በውስጥ ሆኖ ማገጃው በመካከል ይገባል። የውስጡ ድንጋይ የቀኑን ሙቀት ይዞ ማታ ይመልሳል፣ የውጭው ዝናብና ፀሐይ ይቀበላል።

አሁን ወደ ተዳፋቱ እንምጣ፤ ከሁሉ የሚያስፈራው እሱ ነው። በ1837 ጃንዋሪ 1 ቀን ጽፋት ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። ከተማዋ በተዳፋት ላይ በድንጋይ የተሠራች፣ የላይኛው ቤት በታችኛው ጣሪያ ላይ ያህል የተቀመጠባት ነበረች። ላይኛው በታችኛው ላይ ተደረመሰ፤ የአይሁድ ሰፈር እጅግ ተጎዳ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ገሊላ ያው ገሊላ ነው፣ ስንጥቁም ከሥሩ አለ። ስለዚህ ቤቱን የሚሸከም ድንጋይ ብቻውን አይበቃም፤ ብረት ያለው ኮንክሪት አጥንት ያስፈልገዋል። የአገሪቱ የመሬት መንቀጥቀጥ መስፈርት ቁጥር 413፣ በድንጋይ የሚለበስ ግድግዳ መስፈርት ደግሞ ቁጥር 2378 ነው። ኢየሩሳሌም ከ1918 ጀምሮ፣ ከእንግሊዙ ገዢ ከስቶርስ ትእዛዝ ወዲህ በድንጋይ ትሠራለች። ዛሬ የምታዩት አብዛኛው ድንጋይ ግን የኮንክሪት ልብስ ነው። ይህን የምንለው ለመናቅ አይደለም፤ ልብሱ በደንብ ካልታሰረ ሰው ላይ ይወድቃልና።

ከቤቱ ጀርባ አፈሩን የሚይዝ ግንብ አለ። እዚህ ላይ አንድ አባት ከመምህሮቻችን ሁሉ ቀድመው አስተማሩን። «ካብ የሚፈርሰው በአፈር አይደለም፣ በውሃ ነው» አሉ። ሒሳቡም እሳቸውን ደገፈ። ከጀርባው ውሃ የታቆረበት ግንብ፣ በእያንዳንዱ ሜትር ጥልቀት በካሬ ሜትር 1 ቶን የውሃ ግፊት ይጨመርበታል። ስለዚህ ከግንቡ ጀርባ ጠጠር፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ቱቦ፣ ከላዩ ጎርፉን ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ አደረግን። ከአንድ ከፍተኛ ግንብ ይልቅ ሦስት አጫጭር እርከን መረጥን፤ እነዚህን በደረቅ ካብ መሥራት ይቻላል። ደረቅ ካብ በመገጣጠሚያው ውሃ ያሳልፋል፣ ሲሚንቶም አይፈልግም። ድንጋዩ ወደ ተራራው ጥቂት ማጋደል አለበት፤ በየመካከሉም ግንቡን ዘልቆ የሚያስር ረጅም ድንጋይ ይገባል። ለእርከኖቹ የሚሆነው ድንጋይም ለመሠረት ከምንቆፍረው ይወጣል እንጂ በጭነት መኪና አይመጣም።

ስለ ሲሚንቶ አንድ ነገር እንበል። በዓለም ላይ ከሚወጣው የካርቦን ጋዝ 8 በመቶ ያህሉ ከሲሚንቶ ምርት ነው። የጎንደር ግንቦች የተሠሩት በኖራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን አንዳንዱ በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ተጠግኖ፣ በኋላ የመጡ ጠጋኞች ያንን እያነሡ ወደ ኖራ ተመለሱ። ኖራ ለስላሳ ነው፣ እርጥበትን ያስተነፍሳል፣ ሲሰነጠቅም ድንጋዩን አይሰብርም። እኛም ለአጥንቱ ኮንክሪት፣ ለድንጋዩ መገጣጠሚያ ኖራ አልን።

ማማዱ ብዙ አስቸገረን። ሕጉ ወፍራም የኮንክሪት ክፍል ይጠይቃል፤ እንዳንቀብረው መስኮት ያስፈልገዋል። በመጨረሻ በቤቱ ጫፍ፣ ጀርባው ወደ ተራራው፣ መስኮቱ ወደ ጎን እንዲሆን አደረግነው። እንዲህ ሲሆን ቤቱን ለማጽናትም ይጠቅማል። የዱድ ሼሜሽ ነገር ቀላል ነው፤ በ1980 በአዲስ መኖሪያ ቤት ላይ ግዴታ ተደርጎ ነበር። ለዝናቡ ደግሞ፣ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በዓመት 500 ሚሊሜትር ቢዘንብ 50 ሺህ ሊትር ነው፤ ግማሹን እንኳ ብንይዝ ለአትክልቱ ብዙ ነው።

ገንዘቡስ? እናቶች መጀመሪያ የጠየቁት ይህንን ነው፣ ልክም ናቸው። በእጅ የተጠረበ ድንጋይ ውድ ነው። ስለዚህ እውነተኛውን ድንጋይ ያደረግነው በእርከኖቹ፣ በታችኛው ፎቅና በደቡቡ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው፤ የቀረው ብሎክ ነው። መሬቱም ሌላ ጣጣ ነው። የአገሪቱ መሬት 93 በመቶ ያህል በመንግሥት እጅ ነው፤ ማሽካንታ ከፍሎ ያልጨረሰ ቤተሰብ የገሊላ ቦታ ጨረታ ቢሰማ ምን ያደርጋል? ይህን ቤት ነገ የሚሠራ ከመካከላችን የለም። ነገር ግን የሌላ ሰው ቤት ለመንደፍ ቢሮ የሚገባ ልጅ ይኖራል። ያ ልጅ ስለ ካብ ሲጠየቅ ከአባቱ የሰማውን እንዲናገር እንፈልጋለን።

ንድፉ በማኅበሩ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ከጎኑም እርሳስ አስረናል። በተለይ ካብ የካባችሁ፣ ድንጋይ የጠረባችሁ፣ ኖራ ያቃጠላችሁ ወላጆች መጥታችሁ ስህተቱን አርሙልን። የኩሽናው በር ወዴት ይከፈት የሚለውም ገና አልተወሰነም።