ማርክና ጎል

(በማኅበራችን የውይይት ጉባኤ ላይ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



የዛሬው የንግግሬ አርእስት የማይገናኙ የሚመስሉ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ የያዘ ነው። አንደኛው በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ማርክ ሲሆን፣ ሁለተኛው በአሜሪካን አገር የብዙ ኮሌጆችን ተማሪ ልብ የማረከው የበረዶ ላይ ሆኪ ነው። «ምን አገናኛቸው?» የሚለኝ ቢኖር መልሴ አጭር ነው። ሁለቱም የሰውን ጥረት በቁጥር ይናገራሉ፤ ነገር ግን የአንዱን ቁጥር ወዳጅም ጠላትም ሲያምነው፣ የሌላውን ቁጥር የሚያምነው ሰው ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ሄዷል። ይህ ለምን እንደ ሆነ መመርመር ለእኛም ይጠቅመናልና ጥቂት ደቂቃ ታገሡኝ። የአሜሪካኑን ነገር ስናገር ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ስናገር ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር መጥራቴን ልብ በሉልኝ።

በመጀመሪያ ጨዋታውን ለማያውቅ ላስረዳ። ሆኪ የሚጫወቱት ሰዎች ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ አድርገው በበረዶ ወለል ላይ እየተንሸራተቱ፣ ፓክ የሚባለውን ከጠንካራ ጎማ የተሠራ ክብ ነገር በዱላ እየመቱ ነው። በያንዳንዱ ወገን አምስት ተጫዋቾችና አንድ በረኛ ይሰለፋሉ። ጨዋታው ሃያ ሃያ ደቂቃ የሆነ ሦስት ክፍል አለው። የጎሉ ስፋት 6 ጫማ፣ ከፍታው 4 ጫማ ነው። ይህን ልክ አደራ አትርሱብኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በኢትካ ከተማ የሚገኘው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ1957 ላይና የተባለውን የሆኪ አዳራሽ ከፈተ። ኔድ ሃርክነስ የተባለው አሠልጣኝ ከ1963 ጀምሮ ቡድኑን በያዘበት ዘመን ኮርኔል በ1967 እና በ1970 የአሜሪካን ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ። በተለይም የ1970ው ቡድን 29 ጊዜ ተጫውቶ 29 ጊዜ አሸንፏል፤ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም፣ አንድም ጊዜ አቻ አልወጣም። በከፍተኛው የኮሌጆች ክፍል እንዲህ አድርጎ ሻምፒዮን የሆነ ሌላ የወንዶች ቡድን እስከ ዛሬ የለም።

የዚህ ቡድን ደጋፊዎች በፍቅራቸው የታወቁ ናቸው። የዓመት ትኬት ለማግኘት ብርድ ልብሳቸውን ይዘው በሰልፍ ላይ ያደሩበት ዘመን ነበር። የተጋጣሚው ቡድን ተጫዋቾች ስም ሲጠራ ሁሉም ጋዜጣ ዘርግተው የሚያነቡ ይመስላሉ፤ «ስለ እናንተ ምን አገባን» ማለታቸው ነው። ከሃርቫርድ ጋራ ያላቸው ፉክክር ግን ከሁሉ ይብሳል። በ1973 አንድ የሃርቫርድ ደጋፊ፣ ኮርኔል የእርሻ ኮሌጅ ያለው በመሆኑ ለመሳለቅ ብሎ፣ የሞተ ዶሮ ወደ ኮርኔል በረኛ ወረወረ ይባላል። ኮርኔሎችም ብድራቸውን ለመመለስ ሃርቫርድ ወደ ኢትካ በመጣ ጊዜ ዓሣ ወረወሩበት፤ ዓሣ መወርወሩም ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆኖ ቀረ። የእርሻን ትምህርት መናቅ ሞኝነት መሆኑን፣ የዓለማያን ኮሌጅ ታሪክ ለምናውቅ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ጩኸት፣ ይህ ሁሉ ስድብና ዓሣ ባለበት አዳራሽ ውስጥ አንድ ነገር ግን አይነካም፤ ይኸውም ውጤቱ ነው። 3 ለ2 የተሸነፈ ቡድን ደጋፊ ዳኛውን ይረግማል፣ በረኛውን ያማል፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣል። ነገር ግን «ሁለታችንም ደክመናልና ሁለታችንም አሸናፊ ተብለን እንመዝገብ» ብሎ የሚጠይቅ ደጋፊ የለም። ቢጠይቅም የሚስቅበት የገዛ ጓደኛው ነው። ያው ደጋፊ ግን በማግሥቱ ወደ መምህሩ ቢሮ ሄዶ «በጣም ለፍቻለሁና ይህቺን ቢ ፕላስ ኤ ማይነስ ያድርጉልኝ» ቢል ማንም አይስቅበትም። ብዙ ጊዜም ይደረግለታል።

ይህ የቀልድ ነገር እንዳይመስላችሁ ቁጥሩን ልንገራችሁ። የአሜሪካን ኮሌጆችን ማርክ ሰብስበው የመረመሩት ሮይስታዘርና ሂሊ የተባሉ ሁለት ምሁራን በ2012 ባወጡት ጽሑፍ፣ በ1960 ከመቶ ማርክ 15 ያህሉ ኤ እንደ ነበረ፣ በእነርሱ ዘመን ግን 43 እንደ ደረሰ አሳይተዋል። በሃርቫርድ በ2001 ከተመረቁት ተማሪዎች ከመቶ 91ዱ በማዕረግ የተመረቁ መሆናቸውን አንድ የቦስተን ጋዜጣ ባወጣ ጊዜ አገር ተነጋገረበት፤ ፋኩልቲውም በ2002 የማዕረጉን ቁጥር ከመቶ 60 እንዳያልፍ ወሰነ። በ2013 ፕሮፌሰር ሃርቬይ ማንስፊልድ በፋኩልቲ ስብሰባ ላይ በጠየቁት መሠረት ዲኑ ሲመልሱ፣ በሃርቫርድ መካከለኛው ማርክ ኤ ማይነስ፣ ከሁሉ ይልቅ ደጋግሞ የሚሰጠውም ማርክ ኤ መሆኑን ተናገሩ። በ2025 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ባወጣው ሪፖርት፣ ከሃያ ዓመት በፊት ሩብ ያህል የነበረው ኤ ከመቶ 60 ያህል መድረሱን ገልጾ፣ ማርኩ ዋና ሥራውን መሥራት እንዳቃተው አምኗል።

«ተማሪዎቹ ጎበዞች ቢሆኑስ?» የሚል ይኖራል። ወደ ሃርቫርድ የሚገባው የተመረጠ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ተማሪው ከሃያ ዓመት በፊትም የተመረጠ ነበር። የሰው አእምሮ በሃያ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ አደገ ከማለት የመስፈሪያው ልክ ተለወጠ ማለት ይቀላል።

ነገሩ የጀመረው በክፋት አይደለም። በቬትናም ጦርነት ጊዜ፣ በተለይም ከ1966 ወዲህ፣ የአሜሪካን ተማሪ ከጦር ጥሪ የሚድነው በክፍሉ ውስጥ ባለው ደረጃ ጭምር ነበር። መምህሩ ሲ ወይም ዲ ለመጻፍ ብዕሩን ሲያነሣ አንድን ወጣት ወደ ጦር ሜዳ የሚልክ መስሎ ቢሰማው ማን ይፈርድበታል? ብዙዎች ለዚያ ዘመን ማርክ መጨመር አንዱ ምክንያት ይህ ነው ይላሉ። ግዳጁ በ1973 ቀረ፤ ከፍ ያለው ማርክ ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ እንደገና መውጣት ያዘ። ያን ጊዜ ምክንያቱ ርኅራኄ ብቻ አልነበረም። ተማሪው ብዙ ገንዘብ የሚከፍል ደንበኛ ሆነ፤ በትምህርቱ ማብቂያም መምህሩን በወረቀት ላይ ይመዝነው ጀመር። ቋሚ ቅጥር የሌለው መምህር የሚቀጥለው ዓመት እንጀራው በዚያ ወረቀት ላይ ከተንጠለጠለ፣ ማርክ ሲሰጥ እጁ ወደ ልግስና ቢያዘነብል የሚያስገርም አይደለም። በሆኪ ሜዳ ግን ዳኛውን የሚቀጥረው ተጫዋቹ አይደለም።

ይህን ለማረም ልዩ ልዩ መንገድ ተሞክሯል። ፕሮፌሰር ማንስፊልድ በ2001 ለያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ማርክ ሰጡ፤ አንዱ በመዝገብ የሚገባው ከፍ ያለው ማርክ ሲሆን፣ ሁለተኛው በእርግጥ ይገባዋል የሚሉትና ለተማሪው በግል የሚነግሩት ነበር። ኮርኔል ደግሞ በ1996 የየኮርሱን መካከለኛ ማርክ ለማስታወቅ ወሰነና ከ1998 ጀምሮ በኢንተርኔት ለሁሉ አወጣው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ በቀላል ኮርስ የተገኘ ኤ እና በከባድ ኮርስ የተገኘ ቢ ተለይተው ይታወቁ ማለት ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች በ2009 እንዳሳዩት፣ ተማሪው ዝርዝሩን እያየ ማርክ ወደሚበዛበት ኮርስ ጎረፈ። በ2011 የፋኩልቲው ሴኔት በይፋ ማውጣቱን አስቀረው።

ፕሪንስተን በበኩሉ በ2004 በየትምህርት ክፍሉ የኤ ቁጥር ከመቶ 35 እንዳያልፍ ደነገገ። ይህም በ2014 ተሻረ። ተማሪው የጓደኛውን ጉብዝና እንደ ጥቃት ማየት ጀመረ፤ ኤ የተወሰነች ከሆነች ለባልንጀራዬ ማስረዳት ራሴን መጉዳት ነው ወደሚል ሐሳብ የሚመራ ነበርና። እዚህ ላይ የሆኪው ምሳሌ ልኩን ይይዛል። በሆኪ አንዱ ካልተሸነፈ ሌላው አያሸንፍም። በክፍል ውስጥ ግን አንዱ ተማሪ ኬሚስትሪ ስላወቀ ሌላው እንዲደነቍር የሚያስፈልግ ነገር የለም። ማርክን የዋንጫ ፉክክር ማድረግ መፍትሔ አይሆንም።

ታዲያ ከሆኪ የምንማረው ምንድን ነው? አስቀድሜ አደራ ያልኋችሁን ልክ አስታውሱ። የጎሉ ስፋት 6 ጫማ፣ ከፍታው 4 ጫማ ነው። ለባለ አገሩ ቡድን ተብሎ አይሰፋም። ተጫዋቹ ስለ ደከመ፣ ወይም አባቱ ትልቅ ሰው ስለ ሆነ አይሰፋም። እንደዚሁም ዛሬ ብዙ ጎል ገብቷል ተብሎ አይጠብም። አሥር ቢገባ አሥር ነው፤ ምንም ባይገባ ምንም ነው። ማርክም እንዲህ መሆን ይገባዋል። መምህሩ ተማሪው ምን ማወቅ እንዳለበት ትምህርቱ ሲጀመር በግልጽ ይናገር፤ በዚያም ልክ ይመዝን። ክፍሉ በሙሉ ልኩን ቢያገኝ ክፍሉ በሙሉ ኤ ይውሰድ፤ ማንም ባያገኝ ማንም አይውሰድ።

በዚህ ልክ መመዘን ሰውን እንደማይጎዳ የኮርኔሉ በረኛ ኬን ድራይደን ማስረጃ ነው። እርሱ ለኮርኔል በተጫወተበት ዘመን 76 ጊዜ አሸንፎ 4 ጊዜ ብቻ ተሸንፏል። ከዚያም በሞንትሪያል ቡድን የስታንሊን ዋንጫ ስድስት ጊዜ ወሰደ። ነገር ግን በኮርኔል ታሪክ አጥንቶ ተመረቀ፤ በሞንትሪያል እየተጫወተም በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረ። በ1973 ታላቅ ዝና ሳለው ጨዋታውን ለአንድ ዓመት ትቶ በጠበቆች ቢሮ ልምምዱን ፈጸመ። ኋላም የካናዳ ፓርላማ አባልና ሚኒስትር ሆኖ በ2025 ሞተ። በበረዶው ላይ የሚያገኘው ጭብጨባ የሕግ ፈተናውን እንደማያልፍለት ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማርክ ሲረክስ የሚጎዳው ማን ነው? የትልቅ ሰው ልጅ አይጎዳም። ሁሉም ኤ ይዞ ሲመጣ አሠሪው በወረቀቱ መለየት ያቅተዋልና ወደ ሌላ ነገር ያያል፤ የትምህርት ቤቱን ስም ያያል፣ የአባትን ስም ይጠይቃል፣ የሚያውቀው ሰው ስልክ እስኪደውልለት ይጠብቃል። ያን ጊዜ የሚወድቀው ከገጠር መጥቶ፣ በኩራዝ አጥንቶ፣ እውነተኛ ኤ ያገኘው ዘመድ የሌለው ልጅ ነው። ለእርሱ ማርኩ ዘመዱም ምስክሩም ነበር። አሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን ነጋዴው አሞሌ ሲቀበል ጠርዙ እንዳልተሸረፈ አገላብጦ ያይ ነበር። የተሸረፈ አሞሌ የበዛበት ገበያ ሙሉ አሞሌ ይዞ የመጣውንም ሰው ያስጠረጥረዋል።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በኤ፣ በቢና በሲ የሚሰጡት ማርክ ከአሜሪካኑ ጋራ የአንድ ቤተ ሰብ ነው። በ2014 ዓ. ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሹን ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ አገር ደነገጠ። በየትምህርት ቤቱ ግን እነዚያው ልጆች ከክፍል ወደ ክፍል እያለፉ ነበር የመጡት። በ2015 ዓ. ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ወስዶ ከመቶ 50 ማግኘት አለበት ተባለ። ፈተናው ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው የሚለውን ለሌላ ቀን እንተወው። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ የውስጡ ሚዛን ካልታመነ የውጭ ሚዛን ይመጣል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ክቡራን መምህራን፤ ልመናችን ማርክ እንድትነፍጉን አይደለም። ልኩን አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ስንሳሳት የተሳሳትንበትን አሳዩን፤ ከዚያ በኋላ ብንለምናችሁም አታሻሽሉልን። ዩኒቨርሲቲውም እውነተኛ ማርክ የሚሰጠውን መምህር ተማሪ ስላልወደደው ብቻ እንጀራውን እንዳያሳጣው ልንቆምለት ይገባል።

ጓደኞቼ፤ ትምህርት ቤታችንን እንወዳለን። ነገር ግን በሆኪ ሜዳ ደጋፊው ዕቃ ቢወረውር ቅጣቱ በሚወደው ቡድን ላይ ሊወድቅ ይችላል። የማይገባንን ማርክ ስንለምን እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ የወረወርነው ተመልሶ የሚወድቀው በገዛ ዲግሪያችንና ከኋላችን በሚመጡት ታናናሾቻችን ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ማኅበር ስለ ማርክ አቤቱታ ሲቀርብለት፣ «ተማሪው ተበድሏል ወይ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ልኩ አስቀድሞ ተነግሮት ነበር ወይ? በዚያስ ልክ ተመዝኗል ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ ሐሳብ አቀርባለሁ። ልኩ ተነግሮት በልኩ ካልተመዘነ አብረነው እንቁም። በልኩ ተመዝኖ ከሆነ ግን «ወንድማችን፣ የሚቀጥለው ሴሚስተር አለልህ» ብለን በጥናቱ እንርዳው።